የሆርሞንና የአጥንት ሐኪም መሆን ከፈለግሽ፣ መጀመሪያ ሻርፑን አስፈቺ

ባለፈው ሳምንት ከራውንድ በኋላ አንዲት ኢንተርን፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ኢንዶክራይን ለመግባት ምን ላድርግ?» አለችኝ፤ የሆርሞን ሕክምናን ማለቷ ነው። ሻይ ቤት ወስጄ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ዋናውን ነገር ዘልዬዋለሁ። የነገርኳት ስለ ፈተናና ስለ ዓመት ብዛት ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ ማንም ሊነግራት ይችላል። ስለዚህ የቀረውን እዚህ ልጻፍላት። መሐል ሜዳ 12ኛ ክፍል የተቀመጣችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ደብረ ብርሃን ዋርድ ውስጥ የምትንከራተቱም ብታነቡት ይጠቅማችኋል። የምጽፈው ለእሷ ስለሆነ «አንቺ» እያልኩ ነው፤ ወንዶቹ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። ሰፈር ውስጥ «የምን ዶክተር ነሽ?» ሲሉኝ «የስኳር» እላለሁ። ኢንዶክራይኖሎጂስት ብል ቡናው እስኪፈላ ሳስረዳ ልውል ነው። እውነቱን ለመናገር ከታካሚዎቼ አብዛኞቹ የስኳር ናቸው። ቀጥሎ የታይሮይድ፣ አንገት ላይ ያለው ዕጢ። ከዚያ የአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ)፣ የፒቱታሪ (አንጎል ሥር ያለው ዕጢ)፣ የወር አበባ መዛባት፣ የካልሲየምና የአጥንት።

አጥንት ሲባል ሰው ሁሉ ወጌሻን ወይም ኦርቶፔዲክስን ነው የሚያስበው። የተሰበረውን የሚጠግኑት እነሱ ናቸው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ አጥንት በዚህ አወዳደቅ መሰበር ነበረበት ወይ? የሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት ደግሞ ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉ፣ ምስር የሚያህሉ አራት ዕጢዎች ናቸው። ሆርሞንና አጥንት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የተገናኙት በዚህ ነው።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አያቴ አንገቷ ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ነበራት። ልጆች ሆነን እንደ ጆሮዋና እንደ አፍንጫዋ ነበር የምናየው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ተብሎ ሲተረት ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። በሽታ መሆኑን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የደጋውን አፈር ጎርፍ ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ሄደ። ታይሮይድ ደግሞ ያለ አዮዲን ሆርሞን መሥራት አይችልም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ነፍሰ ጡር 250። በዓይን የማትታይ ነገር ናት። እሷ ስትጠፋ ግን ዕጢው ያለችውን አሟጦ ለመያዝ ሲል ያብጣል።

ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አያቴ አልደረሰችበትም። ብትደርስበትም ጨዋን የምታስቀምጠው ምድጃው ሥር፣ ክዳን በሌለው ገል ውስጥ ነበር። አዮዲን ሙቀትና እርጥበት አይወድም። አሁንም ዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሮጠው ጨው ወደተቀመጠበት ነው። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ እላለሁ። «ተማረችና ወጥ ልታስተምረን መጣች» ይሉኛል።

መንገዱን በአጭሩ ልንገርሽ። ሕክምና ትምህርት ቤት ከኢንተርንሺፑ ጋር ስድስት ሰባት ዓመት ይወስዳል። የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከዚያ ጠቅላላ ሐኪም ሆነሽ ትሠሪያለሽ። ቀጥሎ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) መግቢያ ፈተና፣ ኢንተርናል ሜዲስን ማለትም የውስጥ ደዌ ሦስት ዓመት። የኢንዶክራይን ፌሎውሺፕ፣ ማለትም የንዑስ ስፔሻሊቲው ሥልጠና፣ ከዚያ በላይ ሁለት ዓመት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ላይ ይሰጣል። የልጆቹን ሆርሞን ከፈለግሽ መግቢያው በሕፃናት ሕክምና በኩል ነው። የአገልግሎቱ ጊዜ ሲደመር ከ12ኛ ክፍል በኋላ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቁጠሪ። ስፖንሰር ካለሽ ስትጨርሺ ተመልሰሽ የምታገለግይበት ውል ይኖራል። ሳትፈርሚ አንብቢው። እኔ የፈረምኩት ዲዩቲ አድሬ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የተሰየመው በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ነው። እሳቸው ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ተማሪ ሁሉ በሩን ባለፈ ቁጥር ሰርጀሪ ያምረዋል። እኛ ቢላ አንይዝም። የእኛ ሙያ የቀጠሮ ሙያ ነው። ታካሚሽ ድኖ አይሄድም፤ ይመለሳል። ሃያ ዓመት ይመለሳል። ይህ የሚያሰለችሽ ከሆነ አሁኑኑ ሌላ ምረጪ፤ አልቀየምም።

የጂፒነት ጊዜሽን ደግሞ እንደ መጠበቂያ ክፍል አትቁጠሪው። የእኔን ትልቁን ትምህርት የተማርኩት እዚያ ነው፣ በጥፋት። ቆላ ወርጄ አንድ ጤና ተቋም እሠራ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ በቃሬዛ መጣች። ታስታውካለች፣ ሆዷን ያማታል፣ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ነው። የወባ ወቅት ነበር። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ አልቋል። የወባ መድኃኒት ጀመርኩላትና ሌላ ታካሚ ጋ ሄድኩ። ሌሊት ጉሉኮስ ልንሰቅልላት ጎንበስ ስል ትንፋሿ ሸተተኝ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል አይደል? እሱን። ስኳር ነበር፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን አጥቶ ስቡን እያነደደ አሲድ ውስጥ ገብቷል። በእጄ ላይ የነበረው ጉሉኮስ ያኔ ምን ሊያደርጋት እንደነበር ሳስበው አሁንም ያልበኛል። ጠዋት አምቡላንስ አገኘንላትና ተረፈች።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተሞከረው ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው። ታካሚው ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ሞቱ የሳምንታት ወይም የወራት ጉዳይ ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ ይህን ሁሉ ዓመት ሆኖት፣ እኔ ስትሪፕ አልፈለግኩም። ጎረቤት ክሊኒክ ሰው ብልክ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ያስታወከን፣ ራሱን የሳተን፣ ትንፋሹ የፈጠነን ሰው ሁሉ ስኳሩን ለኪ። ወባ ቢኖርበትም ለኪ።

አሁን ወደ ሻርፑ።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ታካሚው ሁሉ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው፤ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ሹራብ፣ አንገት ላይ ሻርፕ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ያጣፉታል። እንቅርቱ ያለው ከዚያ ሁሉ ሥር ነው። አንዲት ሴት ለልብ ድካም መድኃኒት ስትወስድ ከርማ መጣችልኝ። ካርዷ አራት ገጽ ሞልቷል። አንገት የሚል ቃል ግን የለበትም። ማንም አላስፈታትም። ስታወልቀው ከበር ላይ ሆኖ የሚታይ እንቅርት ነበር። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ ልብንም ያደክማል።

እንዲህ አድርጊ። እጅሽን አሙቂ፤ በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ጣት አንገቷ ላይ ብታሳርፊ ትደነግጣለች፣ ጡንቻዋም ይጠጥራል። እኔ የሻይ ብርጭቆ እይዛለሁ፤ ሰው ሻይ ወዳድ ናት ይለኛል። ውኃ ስጫት፣ ጉንጯ ውስጥ ትያዘው። ከኋላዋ ቁሚና የሁለቱን እጅሽን ጣቶች ከጉሮሮዋ ግራና ቀኝ አሳርፊ። «አሁን ዋጪው» በያት። ታይሮይድ ከሆነ ከመዋጡ ጋር ወደ ላይ ይወጣና ከጣትሽ ሥር ሾልኮ ይመለሳል። ሌላ እብጠት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቀራል። ከዚያ እጆቿን ትዘርጋና ወረቀት ጣቶቿ ላይ ጣል አድርጊ። ወረቀቱ ከተርገፈገፈ ሆርሞኑ በዝቷል ብለሽ መጠርጠር ጀምሪ። የመንዝ እናቶች «እጄ ይንቀጠቀጣል» አይሉሽም። «እንዝርቱ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉሽ። ባና የሚሠራበትን ሱፍ ዕድሜ ልኳን የፈተለች ሴት ክሩ እየተበጠሰባት ከሆነ ላቦራቶሪው ሳይመጣ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

ሌላው ነገር የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። ስንማር ታይሮይዱ የደከመበት ሰው ብርድ አይችልም ይሉናል። ደብረ ብርሃን ላይ «ይበርድዎታል?» ብለሽ ብትጠይቂ ማን አይበርደኝም ይላል? ጠባቂው ይበርደዋል፣ እኔም ይበርደኛል። «ከቤተሰቡ ሁለት ጋቢ የሚደርቡት እርስዎ ብቻ ነዎት?» በይ። በተቃራኒው ደግሞ በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍታ የምትተኛ ሴት ከነገሩሽ ቀጠሮ አታርዝሚ።

የላቦራቶሪውን ውጤት ለማንበብ ለጀማሪዎች የምነግረው ምሳሌ አለኝ። ፒቱታሪ አለቃ ነው፣ ታይሮይድ ሠራተኛ። ሠራተኛው ሲለግም አለቃው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ቲኤስኤች፣ ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን ነው። ቲኤስኤች ከፍ ካለ ሠራተኛው ተኝቷል። ዝቅ ካለ ሠራተኛው ሳይታዘዝ እየሮጠ ነው። አለቃው ራሱ የታመመ ቀን ግን ይህ ምሳሌ ይፈርሳል። ለዚያ ነው ፌሎውሺፑ ሁለት ዓመት የሚፈጀው።

ከሁሉ በላይ «አሳዩኝ» ማለትን ልመጂ። አንዲት እናት ከመንዝ ወገን ይመጡ ነበር። ስኳራቸው ከ300 አልወርድ አለ። አምስት ወር ሙሉ ኢንሱሊን ስጨምርላቸው ከረምኩ። በመጨረሻ «እማማ፣ ጠርሙሱን ይዘውልኝ ይምጡ» አልኳቸው። በቀጠሯቸው መጥተው መቀነታቸውን ፈቱና አወጡት።

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ቀዝቃዛ ቦታ አላልሽኝም እንዴ ልጄ? ማታ ማታ ደጅ፣ መስኮቱ ላይ አሳድረዋለሁ።»

ታኅሣሥ ነበር። ጠርሙሱን በመዳፎቼ መካከል አሸሁት። ደመናማው ኢንሱሊን ሲታሽ እንደ ወተት እኩል መሆን አለበት። የሳቸው እንደ አይብ ፍርፋሪ ጠርሙሱ ላይ ተለጠፈ። ሌሊት በረዶ እየሠራ፣ ቀን እየቀለጠ ነው የከረመው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይሠራም። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ያ ምክር ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ልክ ነው። እዚያ ፍሪጅ የሌለው ሰው ሸክላ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ደጋ ላይ ግን ከምድጃውም ከውርጩም ራቅ አድርጎ ሳጥን ውስጥ ማኖር ይበቃል። የተከፈተ ጠርሙስ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና እስኪደርስ አየሩ የሚለወጥበት አገር ላይ አንድ ምክር ለሁሉ አይሆንም። እኔ አሁን «አገርዎ ደጋ ነው ቆላ?» ሳልል ኢንሱሊን አልጽፍም።

ወደ አጥንቱ ልምጣ። የአጥንት መሳሳትን የሚለካው ዴክሳ የሚባለው ማሽን በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን የለም። የለም ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። አንድ ጥያቄ አለሽ፤ «ከየት ወደቁ?» ከበቅሎ የወደቀ ሰው አጥንቱ ቢሰበር አይገርምም። ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው፣ ከቁመታቸው ብቻ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ግን አጥንታቸው አስቀድሞ ሳስቷል። ያ ስብራት ራሱ ምርመራ ነው። ኦርቶፔዲኮቹ ብረቱን አስገብተው ሲያወጧቸው ወደ አንቺ እንዲልኩልሽ ተወዳጂያቸው። እኔ ቡና በመጋበዝ ነው የጀመርኩት።

ቀጥለሽ ኪስ አስፈትሺ። ለቁርጥማት ብሎ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉ የስቴሮይድ ክኒኖችን ያለ ማዘዣ እየገዛ ዓመታት የዋጠ ሰው ብዙ ነው። ሕመሙ ጥርግ ይልለታል፣ ፊቱ ይሞላል፣ «ተስማምቶሃል» ይባላል። አጥንቱ ግን እየሳሳ ነው። ይህን ካገኘሽ በቁጣ «ዛሬውኑ አቁም» እንዳትዪ። ክኒኑ የአድሬናልን ሆርሞን ሥራ ስለሚሠራ ዕጢው ሥራ ፈትቶ ተኝቷል፤ ሰውየው ድንገት ካቆመ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ቀስ እያልሽ ነው የምታስቀንሺው።

ወጌሻን አትናቂ፤ ታካሚሽ ከአንቺ በፊት እሱን አይቷል፣ ከአንቺም ይልቅ ያምነዋል። ሁለት ነገር ብቻ አስረጂ፤ እስሩ ጠብቆ ጣት ከቀዘቀዘና ከጠቆረ ወዲያው ይፈታ፣ በትንሽ አወዳደቅ የተሰበረ ሽማግሌ ደግሞ ሐኪም ይየው። ልጆቹ ላይ ደግሞ ሪኬትስ፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ፣ ታያለሽ። የፀሐይ አገር ነን እያልን፣ ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ያየዋል ብለን ሕፃኑን ሸፍነን እናሳድገዋለን። ቆዳው ፀሐይ ሳያይ ቫይታሚን ዲ ከየት ያመጣል? እግሩ ሲቆለመም ነው የሚመጡት።

መድኃኒት ስታዢ የሰዉን ሳምንት እወቂ። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የሚወሰደው አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ነው። እኔ በሞኝነት «እሑድ እሑድ» ብዬ እጽፍ ነበር፣ ለማስታወስ ይቀላል ብዬ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይሄዳል? አሁን ሰኞ ነው የምለው። የታይሮይድ ክኒኑም በባዶ ሆድ ነው፤ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆያል። ይህን ስነግራቸው በሽታው ካለባቸው በላይ የሚያዝኑ አሉ።

ጾምን «ይጾማሉ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሐኪም ይቆጣል ብለው «አይ» ይሉሻል። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?» በይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ውጦ ከወጣ ስኳሩ ወርዶ እርሻ ላይ ይወድቃል። መጠኑንም ሰዓቱንም አስተካክይለት፣ ከነፍስ አባቱም ጋር እንዲነጋገር አድርጊ። ብዙዎቹ አባቶች ለታመመ ሰው ከእኛ የቀለሉ ናቸው። ረመዳን ላይም እንደዚሁ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ አስቀድመሽ ጥሪያቸው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አልዋሽሽም። ቀዶ የሚሠሩት ጓደኞችሽ ከአንቺ ይሻላሉ። የእኛ ዕቃ ወንበር፣ የውኃ ብርጭቆና ጆሮ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ማንም ብዙ አይከፍልም። ማታ የግል ክሊኒክ ትሠሪ ይሆናል። ሌሊት ግን ከሌሎቹ ይልቅ ትተኛለሽ። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረው ቀጠሮ አሰጣጥ ነው። ማንም አያስተምረውም እንጂ ግማሹ ሕክምና ያለው እሱ ላይ ነው። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ቀን ከመስጠትሽ በፊት የሰፈሩን የገበያ ቀን ጠይቂ፤ መኪና የሚገኘው ያን ቀን ነው። አጨዳ ላይ አትጥሪው። ካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን በዓሉን ጻፊለት፤ «ከሚካኤል ማግስት» ያልሽውን አይረሳም። በ21 ደግሞ አትቅጠሪ፣ ማርያም ናት። በ21 ከቀጠርኳቸው ሰዎች እስካሁን የመጣ አላየሁም።